የኬሬ ክዳንና የድሬዳዋ ሙቀት

ሰኔ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጦ ሒሳብ መማር ምን እንደሚመስል ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። የውጪው ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። ቆርቆሮው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ እጅ አያስነካም። ከላይ የሚወርደው ወላፈን ፊት የተቀመጠውንም ኋላ የተቀመጠውንም እኩል ያደነዝዛል፤ መምህሩም በደብተር እያራገበ ያስተምራል። እስካሁን ለዚህ የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ገንዘብ ሲገኝ ማራገቢያ፣ ገንዘብ ሲተርፍ ኤሲ። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም የግድግዳ ጌጥ ናቸው።

ይህንኑ ችግር የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ አፍሪካዊ አርክቴክት አለ፤ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ይባላል፤ የቡርኪና ፋሶ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚሰጠውንና በአርክቴክቶች ዘንድ ከሁሉ የበላይ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት በ2022 ሲቀበል፣ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገር ቤቱን በእኛው ነው የጻፍኩት።)

ስለ ኬሬ ሲወራ ወሬው ሁሉ ወደ ጭቃ ይሮጣል። «ጭቃ ዓለምን አሸነፈ»፣ «ወደ አያቶቻችን ቤት እንመለስ» ዓይነት ነገር ይባላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለድሬዳዋ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። የሰውየውን ሕንፃዎች አንድ በአንድ ላያቸው ሰው ኬሬ ከሁሉ በፊት የክዳን ባለሙያ ነው። ጭቃውን የተጠቀመው የተወለደበት መንደር ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ሌላ ቦታ ሲሄድ ድንጋይም እንጨትም ብረትም ተጠቅሟል። ክዳኑን ግን የትም ሄዶ አልተወውም።

ታሪኩም ይህንን ይመሰክራል። በ1965 ጋንዶ በምትባል መንደር ሲወለድ አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ። ጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበራት የበኩር ልጃቸውን በሰባት ዓመቱ ቴንኮዶጎ ወደምትባል ከተማ ላኩት። እዚያ የጠበቀው ክፍል በሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ፣ ጨለም ያለ፣ አየር የማያንቀሳቅስ፣ ልጅ በልጅ ላይ የታጨቀበት ነበር። ከዚያ በ1985 አናጺነት እንዲማር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ በርሊን ሄደ። ቀን ቀን ክዳንና የቤት ዕቃ መሥራት ይማራል፤ ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይከታተላል። በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር መማር የጀመረው በ1995 ነው፤ የተመረቀው በ2004፣ ዕድሜው አርባ ሊደፍን ሲል። ማለትም ሰውየው ግድግዳ ከመንደፉ በፊት ጣሪያ ሲያቆም ነው የኖረው። ስለ ሥራው ከተጻፉት ብዙዎቹ ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን የሥራው ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ሕንፃውን የሠራው ተማሪ ሳለ ነው። በ1998 ጀርመን ውስጥ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱ በ2001 አለቀ፤ በ2004 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ። ዲፕሎማውን የያዘውና በዓለም የታወቀው በአንድ ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ትምህርት ቤት ጠጋ ብለን እንየው። ሦስት ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው ቦታ ተትቷል፤ ልጆች እዚያ ይጫወታሉ፣ ሲያስፈልግም እዚያ ይማራሉ። ግድግዳው የመንደሩ አፈር ትንሽ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በእጅ ማሽን ተጨምቆ የወጣ ጡብ ነው። ከግድግዳው በላይ የኮንክሪት ቢሞች ተጋድመዋል፤ በቢሞቹ ላይ ፌሮ ተረብርቧል፤ በፌሮው ላይ ደግሞ ከዚያው አፈር የተሠራ ጡብ እንደ ኮርኒስ ተደርድሯል። ነገሩ ሁሉ ያለው ከዚህ በላይ ነው። ቆርቆሮው ኮርኒሱ ላይ አልተመታም። ከተራ የግንባታ ፌሮ የተበየደ ቀጭን ተሸካሚ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ እንደ ልቡ የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጠራል። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጪ በሰፊው ስለተዘረጋ ግድግዳውን ከዝናብም ከፀሐይም ይጋርደዋል።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፤ ቆርቆሮው በሥሩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ቀላል ስለሆነ በክፍተቱ በኩል ይወጣል፤ ሲወጣም በኮርኒሱ ቀዳዳ በኩል የክፍሉን ሙቅ አየር ይዞ ይሄዳል። በምትኩ በመስኮቶቹ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። ፀሐይዋ በበረታች ቁጥር ስበቱም ይበረታል። እኛ ዘንድ ተማሪውን የሚያደነዝዘው ያው ቆርቆሮ እዚያ ያለ መብራትና ያለ ነዳጅ አየር እንዲስብ ተደርጓል። ልዩነቱ የቁመት ጉዳይ ነው፤ ከፍ ብሎ መቀመጥና አለመቀመጥ።

ተሸካሚውም ሆን ተብሎ ነው ከፌሮ የተበየደው። ጋንዶ ክሬን የለም፤ ከባድ ብረት ከሩቅ ከተማ አምጥቶ መስቀል አይታሰብም። ለመንደሩ ወጣቶች የእጅ መጋዝና ትንሽ የብየዳ ማሽን አያያዝ ማስተማር ግን ይቻላል። ስለዚህ የክዳኑ መልክ የወጣው ከሚገኘው ብረትና ከሚሠራው እጅ ነው።

የመንደሩ ሰው መጀመሪያ አልተቀበለውም። ጀርመን ተምሮ የመጣ ልጅ ያው የምናውቀውን አፈር ይዞ ይመጣል ወይ ብለው አዘኑበት፤ እውነታቸውን ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚፈርስ፣ በዓመት በዓመቱ የሚለሰን ጭቃ ቤት ውስጥ ለኖረ ሰው ሲሚንቶ ማለት እፎይታ ነው። ኬሬ በክርክር አላሸነፋቸውም፤ ሠርቶ አሳያቸው እንጂ። የአፈር ጡብ ቅስት ገንብቶ ሰዎች ላዩ ላይ ወጥተው እንዲዘሉበት አደረገ። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ሰበሰቡ፤ ሴቶች ለጡቡ ውሃ ተሸከሙ። የወለሉን አሠራር እሱ ራሱ በየንግግሩ ይተርከዋል። መጀመሪያ ወጣት ወንዶች ቆመው ለሰዓታት አፈሩን ይደበድባሉ፤ ከዚያ እናቶቻቸው ይመጡና ጎንበስ ብለው ውሃ እያርከፈከፉ በተራቸው ለሰዓታት ይደበድባሉ፤ በመጨረሻ ላጊዎች በድንጋይ እያሹ ያለሰልሱታል። ወለሉን እንዲህ አድርጎ የሠራ ሰው ሲሰነጠቅ ማን እንደሚጠግነው አይጠይቅም። በፕሪትዝከር መዝገብ መሠረት የተማሪዎቹ ቁጥር ከ120 ወደ 700 አድጓል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሥራዎች ሁሉ መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ነው። በጋንዶ የመምህራን መኖሪያ በ2004፣ የትምህርት ቤቱ ማስፋፊያ በ2008 ተሠሩ። ለመንደሩ በተነደፈው ቤተ መጻሕፍት ሴቶች ከየቤታቸው ያመጧቸው የሸክላ ማሰሮዎች አፍና ቂጣቸው ተቆርጦ ኮርኒሱ ውስጥ ተቀብረዋል፤ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ይወርዳል፣ ሙቀት ይወጣል። ላዮንጎ ባለው የኦፔራ መንደር ውስጥ የሠራው ጤና ጣቢያ መስኮቶች ከፍታቸው የተለያየ ነው፤ ለቆመ ሰው፣ ለተቀመጠ ሰው፣ አልጋ ላይ ለተኛ በሽተኛ ለየብቻ ታስበው የተከፈቱ ናቸው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ከመስኮት የሚያየው ሰማይ ብቻ መሆን የለበትም ብሎ ያሰበ ሐኪም ቤት እኔ አላጋጠመኝም።

ቡርኪና ፋሶ፣ ኩዱጉ ከተማ ውስጥ በ2016 የተጠናቀቀው ሊሴ ሾርዥ የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ቆም ብለው የሚያዩት ነው። ዘጠኝ ሕንፃዎች በአንድ ግቢ ዙሪያ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ አቧራማው ነፋስ ከውጪ ይመታቸዋል፤ ውስጡ ግን ጸጥ ያለ አደባባይ ነው። ግድግዳው ከአካባቢው ተቆርጦ የወጣ ቀይ የላተራይት ድንጋይ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ ለስለስ ያለ ነው፣ አየርና ፀሐይ ሲያገኘው ይጠነክራል። ከግድግዳው ፊት ደግሞ በባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ መጋረጃ ቆሟል። ባሕር ዛፍ እዚያም እንደ እኛው አገር ከውጭ የመጣ፣ መሬቱን ያደርቃል ተብሎ የሚታማ ዛፍ ነው፤ ኬሬ ታዲያ ቁረጡትና ለጥላ ይሁን አለ። ከጣሪያው የተረፈው ብረት ለተማሪዎቹ ወንበርና ጠረጴዛ ሆነ። እኛ ባሕር ዛፍ የምናየው በግንባታ መወጣጫነት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይነቀልና ይማገዳል።

ወደ እኛ ቀረብ ያለው ሥራው ኬንያ ውስጥ በቱርካና ሐይቅ ዳርቻ በ2021 የተጠናቀቀው የስታርትአፕ ላየንስ ማሠልጠኛ ግቢ ነው። ሐይቁ ሰሜናዊ ጫፉ ኢትዮጵያ ድረስ ይዘልቃል፣ ውኃውንም በአብዛኛው የሚያገኘው ከኦሞ ወንዝ ነው፤ ሙቀቱና ድርቀቱ ለሶማሌና ለአፋር ቆላ እንግዳ አይደለም። ግቢው ላይ ረጃጅም ማማዎች ቆመዋል፤ መልካቸው ከአካባቢው የምስጥ ኩይሳ የተወሰደ ነው። ሙቅ አየር በማማዎቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ውስጥ የተቀመጡት ወጣቶች የኮምፒዩተር ሥራ የሚማሩ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ደግሞ ሙቀትና አቧራ ጠላቱ ነው። እዚህ ላይ ጭቃ የለም ማለት ይቻላል፤ የአካባቢው ድንጋይ ነው ሥራውን የሠራው። አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ በ2019 የሠራው ዚለም የተባለ ድንኳን መሳይ ጥላ ደግሞ በጥድ ግንድ የተሠራ ነው። በ2017 ለንደን ላይ ሰርፐንታይን ለተባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ የሠራው ጊዜያዊ ድንኳን ክዳኑ ወደ መሐል አዘቅዝቆ የዝናብ ውኃ እንዲሰበስብ ሆኖ የተሠራ ነበር። ቤኒን ውስጥ በፖርቶ ኖቮ ለአገሪቱ ምክር ቤት ሕንፃ ያቀረበው ንድፍ ሽማግሌዎች ከሚሰበሰቡበት ዛፍ የተወሰደ ነው፤ ከላይ ሰፊ ጥላ፣ ከሥር ሕዝብ። ጭቃው ይቀራል፤ ክዳንና ጥላ አይቀሩም ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ድሬዳዋ ይህንን ጉዳይ ጨርሶ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ መጥቶ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ስለሆነ ከተማዋ በሜዳው ላይ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። የባቡር ኩባንያው የቀየሰውን የከዚራን ሰፈር ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል፦ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሁለቱም ወገን ዛፍ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ። ያንን የሠሩ ሰዎች ስለ አገሬው ያላቸው አስተሳሰብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለራሳቸው ምቾት ግን ሙቀቱን አጥንተው ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ በራሱ መንገድ አጥንቶታል፤ ጠባብ መንገድ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ጥላ፣ ማታ ፍራሽ አውጥቶ ውጪ ማደር። ይህን ሁሉ የረሳነው ብሎኬትና ቆርቆሮ በርካሽ መገኘት ሲጀምሩ ነው። ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን ንድፉ ለደጋውም ለቆላውም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የመጣው። በኮሪደር ልማቱ ሰሞን የመንገድ ዳር ሕንፃዎቻችን ፊታቸውን በመስታወት መሸፈን ወደዋል፤ በዚህ ፀሐይ መስታወት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የመብራት ክፍያ የሚከፍለው ሰው ነው።

ታዲያ ኬሬን እንዳለ እንገልብጠው ብንል ምን ይገጥመናል? መጀመሪያ የሚገጥመን ሌሊቱ ነው። ወፍራም የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ወዲያው አያስገባም፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ነው ወደ ውስጥ የሚያደርሰው። ይህ ለትምህርት ቤት ግሩም ነው፤ ሙቀቱ ሲደርስ ተማሪው ቤቱ ገብቷል። ለመኝታ ቤት ግን ተቃራኒው ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሌሊት ራሱ ወበቅ ነው፤ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት የሚተፋው ሰው ሊተኛ ሲል ነው። አያቶቻችን ውጪ ያደሩት ለዚህ ነበር። ስለዚህ ለድሬ መኖሪያ ቤት የሚያስፈልገው ሌሊት ቶሎ የሚቀዘቅዝ፣ ነፋስ ከወዲህ ወዲያ የሚያሳልፍ፣ ከላይ ግን የተነሳ ክዳን ያለው ቤት ነው። የኬሬ ትምህርት ቤት ግድግዳ ለትምህርት ቤት ይሁን፤ ለመኖሪያው ክዳኑን ብቻ እንዋስ።

ሐረር ሌላ ነው። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚያስኬደው፤ ከፍታው ግን ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 1,885 ሜትር ይደርሳል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እዚያ ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን ለማታ ቢያቆይ ምርቃት ነው። በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ የጁገል፣ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ለዚህ የተሠራ ነው፦ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጥቂት ቀዳዳ፣ ውስጥ በደረጃ የተሠሩ መደቦች፣ ውጪ ግቢ። ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ደግሞ ሁለት ፎቅ ያለው፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ በረንዳ ያለው ቤት አመጡ፤ ከጊዜ በኋላ ሁለቱ ተዋልደው ሦስተኛ ዓይነት ቤት ወጣ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከሚታዩት ሀብቶቹ አንዱ ይኸው የቤት አሠራር ነበር። የጁገል ችግር ንድፍ ማጣት አይደለም። በጭቃና በድንጋይ መገንባት የሚችለው ግንበኛ እያረጀ መሄዱና የተሰነጠቀ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰኑ ነው። ሲሚንቶው ግድግዳው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል፤ ውስጡ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ የጭቃውን መያያዣ ያበላሸዋል፤ ከጊዜ በኋላ ልስኑ ከነሽፋኑ ይወድቃል። ኬሬ ጋንዶ ላይ ያደረገው ነገር፣ ወጣቱን ከነ እናቱ ሥራው ውስጥ ማስገባት፣ ለሐረር ከክዳኑ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር የሆነው አፎቻ ለሐዘንና ለሠርግ ሰውን እንደሚያሰባስበው ሁሉ ለቤት ጥገና ቢያሰባስብ የሚል ሐሳብ ሐረሪዎች ራሳቸው ያመዛዝኑት።

ድሬዳዋ ላይ ሁለተኛው የሚገጥመን ደቻቱ ነው። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ደራሽ ውኃ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል ያየ ሰው የጭቃ ግድግዳ ሲባል ጆሮው ይቆማል፤ ልክ ነው። የኬሬ ሰፊ ክዳን ግድግዳውን ከላይ ከሚመጣ ዝናብ ይጠብቃል፤ ከታች ከሚመጣ ጎርፍ ግን አይጠብቅም። በአሸዋማው ወንዝ ዳርና በጎርፍ መውረጃው ያልተጠናከረ ጭቃ ለመሥራት ማሰብ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። እዚያ አካባቢ መሠረቱም ታችኛው ግድግዳም ድንጋይ መሆን አለበት።

ድንጋይ ደግሞ አለን። ከተማዋን የከበቡት ኮረብታዎች የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባለው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለውም ለዚሁ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የኬሬ አድናቂዎች ላይወዱት ይችላሉ። «በአካባቢው ያለውን ተጠቀም» የሚለው መርሕ ድሬዳዋ ላይ ሲተረጎም ሲሚንቶንም ይጨምራል። ከዚሁ ኮረብታ ወጥቶ እዚሁ የሚፈጭ ነገር ለድሬ ሰው ላተራይት ለኩዱጉ ሰው እንደሆነው ነው። ኬሬም ቢሆን ሲሚንቶን አልጠላም፤ ጡቡ ውስጥ ጨምሮታል፣ ቢሙን ሠርቶበታል። የተቃወመው ሲሚንቶ ያላግባብ፣ ለሁሉ ነገር መፍትሔ ተደርጎ መወሰዱን ነው።

እጅም አለን። የድሬ ባቡር ጋራዥ፣ ሸሚን ደ ፈር እያልን የምንጠራው፣ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የብረት ሠራተኛና የብየዳ ባለሙያ ሲያፈራ ኖሯል፤ የእነሱ ልጆችና ደቀ መዛሙርት ዛሬ በየሰፈሩ በርና መስኮት እየበየዱ ይኖራሉ። የጋንዶውን ዓይነት የፌሮ ተሸካሚ ለመበየድ ከዚህ ከተማ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ጎደለ? ነገሩን ለሚያውቅ ሰው መልሱ ጨረታው ላይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሲሠራ ንድፉ ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ተቋራጩ የሚከፈለው በኪዩቢክ ሜትር ኮንክሪት፣ በካሬ ሜትር ልስን፣ በኪሎ ፌሮ ነው። የክፍሉ ሙቀት የትም ቦታ አይለካም። ተረካቢው ኮሚቴ ቀለሙን፣ በሩን፣ ቁልፉን ያያል፤ ሰኔ ላይ ስምንት ሰዓት ላይ ገብቶ ቴርሞ ሜትር የሚሰቅል ኮሚቴ ግን የለም። ወጣት አሠልጥኖ ማሠራትም በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የዋጋ መስመር የለውም። ኬሬ ይህንን ያለፈው ብልጥ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ማኅበር አቋቁሞ የራሱን ገንዘብ ስላሰባሰበ ከጨረታ ሥርዓት ውጪ መሥራት ስለቻለ ነው። ይህ ደግሞ የሥራው ትልቁ ድክመት ነው ብዬ አስባለሁ። ኗሪነቱ በርሊን የሆነ፣ ስሙ የገነነ አርክቴክት ባለበት ቦታ ሁሉ ግሩም ሕንፃ ይቆማል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሺህ ሲሠራ ግን ያ ሰው የለም። ሽልማት ያገኘ አንድ ሕንፃ ሺህ ተራ ሕንፃ እንዲለውጥ የሚያደርገው ተራ ነገር ነው፤ የጨረታ ሰነድ ውስጥ የገባ አንድ አንቀጽ።

ወጪውም መነገር አለበት። ሁለት ክዳን ማለት ተጨማሪ ብረት ማለት ነው፤ ብረት ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ካልተሠራ ክፍተቱ ብቻውን ብዙም አይረዳም፤ ቆርቆሮው በጨረር ሙቀቱን ቀጥታ ወደ ተማሪው ጭንቅላት ይልካል። ስለዚህ «ቆርቆሮውን ትንሽ ከፍ ማድረግ» ብቻ ብሎ መነሳት ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት፦ ከታች ወፈር ያለ፣ ቀዳዳ ያለው ኮርኒስ፤ በመካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት፤ ከላይ ሰፊ ቆርቆሮ። ኮርኒሱ የግድ ከአፈር ጡብ መሆን የለበትም፤ ጋንዶ ላይ አፈር የሆነው አፈር ስለነበረ ነው። ለአሮጌ ክፍሎች ቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ መምታት ይበቃል፤ ይህን የሚሠራ አናጺ ገንደ ቆሬም ለገሃሬም አይጠፋም። ምስጥን መከላከል ግን ከመጀመሪያው ይታሰብበት፤ ድሬ ላይ ምስጥ እንጨት አይምርም።

ከተማዋ ይህንን ለመሞከር አዲስ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልጋትም። በየክረምቱ ክዳናቸው የሚታደስ ክፍሎች አሉ፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ተነቅሎ አዲስ ይመታባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብሎክ መርጦ ቆርቆሮውን በፌሮ ተሸካሚ ማንሳት፣ ከሥሩ ኮርኒስ መምታት፣ ጎኑ ያለውን ብሎክ ደግሞ በድሮው መንገድ ማደስ፤ ከዚያ በሁለቱም ውስጥ ቴርሞ ሜትር ሰቅሎ ከግንቦት እስከ ሰኔ መመዝገብ። መዝገቡን መምህራኑና ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ይያዙት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋድ አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መጻፍ ነው። ልዩነቱ በዲግሪ ሲታይ ለቀጣዩ ዓመት የጨረታ ሰነድ የሚጨመረውን አንቀጽ ለማርቀቅ መሐንዲስ የሚቸገር አይመስለኝም፤ የተጨማሪው ፌሮ ዋጋም ያኔ ከኤሲና ከጄኔሬተር ዋጋ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል።